የአየሩ ተራና የመናኸሪያው ተራ



ለዛሬ የመረጥሁት ርዕስ በመጀመሪያ ሲታይ ከእኛ ከተሞች እጅግ የራቀ ይመስላል። ስለ አውሮፕላን አብራሪዎችና በማኅበሮቻቸው መካከል ስላለው ጠብ ነው። ወልቂጤም ቡታጅራም መደበኛ የመንገደኛ በረራ የላቸውም፤ አውሮፕላንን የምናውቀው ቀና ብለን በሰማይ ሲያልፍ በማየት ነው። «ታዲያ አንተን ምን አገባህ?» የምትሉኝ አትጠፉም። እንደሚያገባኝ ለማስረዳት ግን ከሰማይ ሳይሆን ከመናኸሪያ መነሣት ይኖርብኛል።

ነገሩ የሆነው በመስቀል ማግስት ነው። መስቀል ለጉራጌ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ ማብራራት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ ወደ አገሩ ይወርዳል፤ ክትፎው ተበልቶ፣ የአባቶች ምርቃት ተቀብሎ ሲያበቃ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ልመለስ ይላል። በአረፋም እንዲሁ ነው። እኔም ከነሻንጣዬና ከእናቴ ከተቋጠረልኝ ቆጮ ጋር ከሁለቱ ከተሞቻችን በአንደኛው መናኸሪያ ቆሜያለሁ። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም፤ ወሬውን ከማሞቅ በቀር ጥቅም የለውምና።

የአዲስ አበባ መስመር አውቶቡሶች ተራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሕዝቡ ግን ከወንበሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ መካከል ዓመቱን ሙሉ ከከተማው ወደ ወረዳዎቹ ሲመላለስ የሚውል አንድ ሚኒባስ ከበሩ አለፍ ብሎ ቆመና ረዳቱ «አዲሳባ! አዲሳባ!» ማለት ጀመረ። ሕዝቡ ተግተለተለ። ተራ የደረሰው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ ከመኪናው ወርዶ ሄደና በሚኒባሱ ፊት ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ መስመር የእኔ ነው። አንተ የገጠር መስመር ነህ፤ ወደ ገጠርህ ንዳ!»

ወጣቱ በመስኮት ብቅ አለ። «ጋሼ፣ መሪው አንድ፣ ፍሬኑ አንድ። እርስዎ በምን ይበልጡኛል?»

«በተራ እበልጥሃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሰልፌ ያገኘሁት ተራ ነው።»

ጠቡ በረታ። ገላጋይ ገባ። ሚኒባሱ ባዶውን ተመለሰ፤ ሕዝቡም ሌላ ሁለት ሰዓት ቆመ። በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ስንጓዝ ይህን ጠየቅሁት፤ «መኪናው የእርስዎ ነው?» ሳቀ። «የእኔ ቢሆን በመስቀል ማግስት እዚህ ምን አደርጋለሁ? ማታ ገቢውን ቆጥሬ የማስረክብ ሰው ነኝ።» ያ ወጣትም ማታ ገቢውን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። አንዱ የሌላውን እንጀራ ሊነጥቅ ሲታገል የዋለው በሁለቱም እጅ በሌለ መኪና ነው። የሁለቱ መኪኖች ባለንብረቶች በዚያች ሰዓት አንድ ቤት ተቀምጠው ክትፎ ሲጎራረሱ ቢገኙም አይደንቀኝም።

እንግዲህ ወደ ሰማዩ እንውጣ።

በአሜሪካ ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን የሚባሉት ታላላቅ አየር መንገዶች በትልልቅ ከተሞች መካከልና ወደ ውጭ አገር በራሳቸው አውሮፕላንና በራሳቸው አብራሪ ይበርራሉ። ወደ ትንንሾቹ ከተሞች የሚደረገውን በረራ ግን በአብዛኛው ለሌሎች አነስተኛ ኩባንያዎች በውል ይሰጣሉ። መንገደኛው ይህን ብዙም አያስተውልም። ትኬቱን የሸጠለት ትልቁ ነው፤ በአውሮፕላኑ ጎን የተቀባው ቀለምና ስም የትልቁ ነው። መሪውን የጨበጠው ሰው ግን የሌላ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም የሌላ ቤት ደመወዝ ነው። በእኛ ቋንቋ ታፔላው የአንዱ፣ ሹፌሩ የሌላው ነው ማለት ነው።

ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመው የአንድ የአየር መንገድ ፓይለቶች ማኅበር አባላት ናቸው። የአሜሪካን አየር መንገድ አብራሪዎች የራሳቸው ሌላ ማኅበር አላቸው፤ ለነገራችን ግን ልዩነት አያመጣም። በአንድ ማኅበር ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። የላይኞቹ ከአሠሪያቸው ጋር በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገባሉ፤ «ለትንንሾቹ ኩባንያዎች የምትሰጡት አውሮፕላን ከዚህ ቁጥር፣ ወንበሩም ከዚህ ልክ እንዳያልፍ» የሚል ነው። ልኩ በአንድ ወቅት 50 ወንበር፣ ኋላ 70፣ ከዚያም 76 ሆኖ ቆይቷል። ለላይኞቹ ይህ የእንጀራቸው አጥር ነው። ለታችኞቹ ደግሞ መዋጮ የሚከፍሉበት የገዛ ማኅበራቸው በራሳቸው ላይ የሠራው ጣሪያ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ የላይኞቹን ክፉ አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። አጥሩ ባይኖር አሠሪው ነገ ጠዋት ሥራውን ሁሉ ወደ ርካሹ ቤት ያዛውር ነበር። ያ የሸበተ ሹፌርም ቢሆን ተራ ማስከበሩ ሞኝነት አይደለም፤ ተራ ባይኖር ጉልበተኛው ሁሉን ጠቅልሎ ይጭን ነበር። ጥፋቱ አጥሩን የሚያጥሩት ሥራውን ለሚያከፋፍለው ሳይሆን ከጎናቸው ለቆመው ባልደረባ መሆኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ ታላላቆቹ አየር መንገዶች በኪሣራ አፋፍ ላይ ሲቆሙም አጥሩን በድርድር አላልተውታል። የታችኛው ባልደረባ ሲጠይቅ ያልተከፈተው በር አሠሪው ሲያንኳኳ ተከፈተ።

በዚያው በ2001 ኮሜር የሚባለው የዴልታ ንብረት የሆነ ኩባንያ 1,350 ያህል አብራሪዎች ከማርች እስከ ጁን ለ89 ቀናት ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው የደመወዝ፣ የጡረታና የዕረፍት ጊዜ ነበር፤ ከበስተጀርባው ግን «የምናበርረው ጄት ነው፤ የምንጭነው የዴልታን መንገደኛ ነው፤ ስለምን እንደ ተለማማጅ እንቆጠራለን?» የሚል ቁጭት ነበረበት። ጭማሪውን አገኙ። በዚያው ዓመት የኮሜርና የሌላ አንድ ተመሳሳይ ኩባንያ አብራሪዎች አሠሪያቸውን ትተው የገዛ ማኅበራቸውን ፍርድ ቤት ገተሩት፤ «እኛን ለላይኞቹ ጥቅም ሸጠኸናል» ብለው ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ኮሜርም እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ፤ ሥራውን ሌሎች ትንንሽ ኩባንያዎች ተከፋፈሉት። ታችኛው እርከን ውስጥም ሌላ ታችኛ አይጠፋምና።

እስከዚህ ድረስ የደመወዝ ጉዳይ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። አይደለም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ማታ ከኒውአርክ ወደ ቡፋሎ የሚበርር አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ በአንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና ምድር ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። በአውሮፕላኑ ላይ የነበረው ስም የኮንቲኔንታል ነበር፤ ያበረረው ግን ኮልጋን የሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው። በምርመራው ሸንጎ የተሰማው ነገር ሕዝቡን አስደነገጠ። ረዳት አብራሪዋ በዓመት የምታገኘው 16,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከሲያትል ተነሥታ ሌሊቱን ሙሉ አገር አቋርጣ እንደ መንገደኛ ተጉዛ ነው ሥራ የገባችው። ዋናው አብራሪም ከበረራው በፊት በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበር ያደረው። መርማሪው ቦርድ ለአደጋው ዋና ምክንያት ያደረገው ዋናው አብራሪ ለማስጠንቀቂያው የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ነው፤ ድካም በሁለቱም ላይ ሳይኖር እንዳልቀረ ቢገልጽም ምን ያህል አስተዋጽኦ እንደነበረው መወሰን አልቻለም። ይህን ሳላጣምም እጠቅሳለሁ። ሆኖም የሟቾቹ ቤተሰቦች ዝም አላሉም፤ ኮንግሬሱን ደጅ ጠንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ አስወጡ፤ ለአብራሪዎች የሚጠየቀው የበረራ ሰዓትም የዕረፍት ደንቡም ተጠናከረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እርሱ ነው። ያን የመሰለ የተማረ ሰው፣ በእጁ የሰው ነፍስ የያዘ ሰው፣ እንዲህ ባለ ደመወዝ ለመሥራት ለምን ይስማማ ነበር?

ምክንያቱም እዚያ ለመቆየት አላሰበም። ታችኛው ቤት ለእርሱ መኖሪያ ሳይሆን መተላለፊያ ነው። ሰዓት ያጠራቅማል፤ ነገ ወደ ትልቁ ቤት ይሻገራል። ነገ የሚሻገር ሰው ደግሞ ለዛሬው ቤት ጣሪያ መጠገን አይጨነቅም። አሠሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለዚህ የደመወዙን ከፊል በገንዘብ፣ ከፊሉን በተስፋ ይከፍለዋል። ተስፋ ደግሞ የጡረታ መዋጮም ሆነ የትርፍ ሰዓት ሂሳብ የማይታሰብለት ክፍያ ነው።

የእኛ አገር አየር መንገድስ? በዚህ በኩል አንድ መልካም ነገር አለው፤ ምስጋናውን መንፈግ አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ሥራው በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. እጅ ነበር፤ አብራሪዎቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ላይና ታች የነበረው በዜግነት ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ማዕረጉን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1957፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ሥምረት መድኅኔ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ያን እርከን አባቶቻችን አንድ በአንድ ወጡት። ዛሬ የሀገር ውስጡን መደበኛ በረራ የሚያደርገው ራሱ አየር መንገዱ ነው። ወደ ጅማ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የሚያደርሳችሁ ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ቡፋሎ ላይ የወደቀው ዓይነት መሆኑ ነው፣ አየር መንገዱ ውስጥ ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚበርረው በዚያው ቤት ደመወዝተኞች ነው። ወጣቱ በትንሹ ይጀምራል፤ ጊዜው ሲደርስ አትላንቲክን ወደሚያቋርጠው ይወጣል። መሰላሉ በአንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ትንሹን የሚያበርረው ለሌላ ኩባንያ በውል አልተሰጠም።

ነገር ግን መሰላሉ አለ ማለት ድምፅ አለ ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የአየር ትራንስፖርትን ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው እጅግ አስፈላጊ አገልግሎቶች ጋር መድቦታል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ ከመካከላቸው የተወሰኑት በተከታዩ ወር ታስረዋል። ጥያቄያቸው ልክ ይሁን አይሁን በዚህ ገጽ አልፈርድም። አቤቱታ ማቅረቢያው ጠባብ በሆነበት ቤት ግን ሠራተኛው ዓይኑን የሚጥለው ከአጠገቡ ባለው ሰው ላይ ነው፤ ማን ቀድሞኝ ወጣ፣ ማን በዘመድ ተሾመ፣ ማን የትኛውን መስመር አገኘ። የአሠሪው ጉዳይ የባልደረባ ጉዳይ ይሆናል።

ከዚህ ወደ መናኸሪያችን ልመለስ፤ የእኔ ነገር እዚያ ነውና።

የእኛን የሹፌሮች ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አጎቴ ነው። ረዳት ሆኖ ነው የጀመረው፤ በበር ተንጠልጥሎ፣ የመንገደኛውን ዕቃ ወደ ጣሪያ እየሰቀለ። ኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና ቅጥቅጥ ይነዳ ጀመር። በሳምንት ሰባቱንም ቀን ይነዳል። ሌሊት አሥር ሰዓት ይነሣል፤ ማታ ሦስት ሰዓት መኪናውን ያቆማል። እራት ላይ ዐይኖቹ ይከደኑ ነበር፤ ጉርሻው በእጁ እንዳለ የተኛበትን ቀን አስታውሳለሁ። አንድ ጊዜ «ለምን ተሰብስባችሁ የዕረፍት ቀን አትጠይቁም?» ብዬው ነበር። የመለሰልኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሹፌር አይደለሁም፤ መኪና ልገዛ የተቃረብሁ ሰው ነኝ።»

እውነትም ዕቁብ ነበረው። ጉራጌና ዕቁብ ማለት እንግዲህ የታወቀ ነው። ሹፌሩ ዕቁብ ይጥላል፤ ረዳቱ ዕቁብ ይጥላል፤ ተራ አስከባሪው ሳይቀር ይጥላል። በዕቁብ ሱቅ ተከፍቷል፤ ቤት ተሠርቷል፤ ልጅ ተድሯል። እኔ በዕቁብ ላይ አፌን የምከፍት ሰው አይደለሁም፤ የተማርሁት በእናቴ ዕቁብ ነው። ነገር ግን ዕቁብ አንድ የማይሠራው ሥራ አለ። ዕቁብ እያንዳንዱን ሰው በተራው ከእርከኑ ያወጣዋል፤ እርከኑን ራሱን ግን አይነካውም። አንዱ ሹፌር ዕጣው ወጥቶለት ባለ መኪና ሲሆን ሌላ ሹፌር በእርሱ ቦታ ይተካና በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድካም፣ በዚያው ያለ ውል ሥራ ይቀጥላል።

አጎቴም መኪናውን ገዛ። አሮጌ ሚኒባስ ነበር፤ ግማሹ በዕቁብ፣ ግማሹ በብድር። ዘመድ ተሰብስቦ መረቀለት፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ወር የቀጠረው ሹፌር «እሑድ እሑድ ልረፍ» ቢለው አሰናበተው። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ የታመመ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ የማያስቀር ሰው ነው። «ዕዳዬን ሳልጨርስ መኪናዬ እንዴት ይቁም?» አለኝ፤ ከልቡም ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፤ ለዓመታት የዕረፍት ቀን ያልጠየቀው፣ ነገ ራሱ ከልካይ እንደሚሆን ያውቅ ስለነበረ ነው።

ፓይለት ቦይንግ ለመግዛት ዕቁብ አይጥልም። ስለዚህ ቢያንስ ሠራተኛ መሆኑን አይጠራጠርም። የእኛ ሹፌር ግን የዛሬ ሠራተኛ፣ የነገ አሠሪ ነው፤ በሕሊናው ውስጥ ሁለቱ እየተጣሉ የዛሬው ሁልጊዜ ይሸነፋል። የአሜሪካው ትንሽ ኩባንያ አብራሪ «ነገ ትልቁ ቤት እገባለሁ» ብሎ በ16,000 ዶላር ያድር እንደነበረ ሁሉ፣ የእኛውም «ነገ እገዛለሁ» ብሎ በእንቅልፍ ዐይኑ ይነዳል። አንዱ አገር ስሙን የሙያ እድገት ይለዋል፤ እኛ ሠርቶ መለወጥ እንለዋለን።

በመናኸሪያው ዙሪያ «ማኅበር» የሚል ቃል በየደቂቃው ይሰማል። «የየትኛው ማኅበር ነህ?» «ማኅበሩ ቀጣው።» «ማኅበሩ መስመር ሰጠው።» ይህ ማኅበር ግን የባለንብረቶች ማኅበር ነው፤ አባሉ መኪናው ነው ቢባል ይቀላል። ነጂው በዚያ ማኅበር ውስጥ ስብሰባ አይጠራም፤ ድምፅ አይሰጥም። ሆኖም ያ ሸበቶ ሹፌርና ያ ወጣት የተጣሉት በሁለት ማኅበሮች ስም ነበር። ድምፅ ለሌላቸው ሁለት ማኅበሮች ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተሟገቱ።

የሹፌሮች ትግል በሀገራችን ታሪክ የለውም እንዳይባል፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መናር ምክንያት መኪናቸውን አቁመው መንግሥቱን አንቀጥቅጠዋል፤ ዋጋውም በቀናት ውስጥ ዝቅ ተደርጓል። በዚያው ወር መጨረሻ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ታላቅ ታሪክ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ነጂዎቹ ያሸነፉበት ጉዳይ የነዳጅ ዋጋ ነው፤ የቅጥር ነጂው የዕረፍት ቀንና ውል አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሹፌሮች «እኛን የሚመለከት ሕግ የለም» ሲሉ እሰማለሁ። አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ትርፍ ሰዓትም ገደብ አለው። ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ አሥር ሠራተኛ መኖር አለበት፤ አንድ ሹፌርና አንድ ረዳት ያለው ባለ መኪና ይህን ቁጥር እንደማያሟላ ግልጽ ነው። ሕግ አውጪው ግን ይህን አስቦበታል፤ ከአሥር በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ የአባላቱ ቁጥር ከአሥር እንዳያንስ ብቻ ይጠየቃል። ይህ መብት ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ተጽፎ ነበር። በመናኸሪያዎቻችን ሲሠራበት ግን አላየሁም።

እኔ የምለው ይህ ነው። የአዲስ አበባው መስመር ሹፌርና የእምድብር፣ የአገና፣ የእንሴኖ፣ የቡኢ መስመር ሹፌር በአንድ ማኅበር ይግቡ። የወልቂጤውና የቡታጅራውም እንዲሁ። ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነው በአስተዳደር ተለያይተዋል፤ ስለዚያ ውሳኔ ያለኝን አስተያየት ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። ለሹፌር እንቅልፍ ግን የዞን ወሰን የለውም። ማኅበሩ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ከሁለት ነገር በላይ አይደለም። አንደኛው በጽሑፍ የሰፈረ ውልና የሳምንት ዕረፍት ነው። ሁለተኛው ለነጂው ራሱ የሚቆጠር የአገልግሎት ተራ ነው፤ በገጠር መስመር አምስት ዓመት የነዳ ሰው ረጅሙ መስመር ላይ ክፍት ቦታ ሲገኝ በጉቦና በዘመድ ሳይሆን በተራው እንዲገባ። የአየር መንገዱ መሰላል የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ በሕጋዊ መንገድ መውጫ ካለው ከበር ውጭ ቆሞ «አዲሳባ» አይልም፤ ሸበቶውም በመኪናው ፊት አይገተርም።

ባለንብረቶች ይቆጣሉ። እኔንም የሚቆጡኝ አሉ፤ ከእነርሱ መካከል አጎቴ የመጀመሪያው ነው። «የሚንቀሳቀሰው ንብረት እኮ ነው፤ መለዋወጫው እሳት ሆኗል፤ ጎማው እሳት ሆኗል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በሚያልቁበት መንገድ ላይ እንቅልፍ የከበደው ሰው መሪ እንዲይዝ ማድረግ ለጎማ መግዣ የሚሆን ቁጠባ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ «ጉራጌ በእንዲህ ያለ ነገር አይሰባሰብም፤ ነጋዴ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የሚጓዝበትን መንገድ ታሪክ አያውቅም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አባቶቻችን ከሊስትሮውም ከባለሱቁም መዋጮ እየሰበሰቡ መንገድ አሠርተዋል። በምዕራቡ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ በምሥራቁ የዓለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት ነበሩ። ያኔም ሁለት ነበሩ፤ በመካከላቸውም ፉክክር ነበረ። ፉክክሩ ግን ማን ቶሎ መንገድ ይዘረጋል የሚል ነበር። የሰባት ቤቱ የጆካ፣ የክስታኔው ጎርደና ሴራ እያሉ በየሸንጎአቸው የሚዳኙ ሰዎች አካፋና ገንዘብ ማዋጣት ሲመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

በዚያ የመስቀል ማግስት፣ ሁለት ሰዓት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ በመናኸሪያው ግቢ ያሉትን ሹፌሮች ቆጥሬያቸው ነበር። የአዲስ አበባውንም የገጠሩንም መስመር አንድ ላይ ነው የቆጠርሁት። ሕጉ የሚጠይቀው አሥር ነው። እነርሱ ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ከእነርሱም ስድስቱ በመሪያቸው ላይ ተደፍተው ተኝተዋል።